ራስ የማይሸነፉበት ሰንጠረዥ

ሄንሪ ሶልት በ1805 ነሐሴ መገባደጃ ሕንጣሎ ሲገባ ገና የ25 ዓመት ወጣት ነበር። (በዚህ ጽሑፍ ያለው ዘመን ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የጻፉልን ፈረንጆች ስለሆኑ።) ከምጽዋ ተነሥቶ ደጋውን የወጣው የእንግሊዛዊው ባላባት የሎርድ ቫለንሺያ ጸሐፊ ሆኖ፣ የትግራዩን ገዢ ራስ ወልደ ሥላሴን ሊያነጋግር ነው። ስለ ባሕር በር፣ ስለ ንግድና ስለ ወዳጅነት ብዙ ገጽ ሞልቷል። ከእነዚያ ገጾች መካከል ዛሬም እንደ ትናንት ወሬ የሚነበበው ግን ራስ ከመኳንንታቸው ጋር ሰንጠረዥ የሚባለውን የሐበሻ ቼዝ ሲጫወቱ ያየው ነው።

ጠጠሮቹ ከዝሆን ጥርስ የተሠሩ፣ ትልልቅና ከባድ ነበሩ፤ አሠራራቸውም ሻካራ ነው ይላል። አንዱ የሌላውን ጠጠር ሲበላ ቀስ ብሎ አያነሣውም፤ በገዛ ጠጠሩ በኃይል መትቶ ይጥለዋል። ቤቱ ጫጫታ ነው። ዙሪያውን የቆመ ሁሉ፣ ባሪያው ሳይቀር፣ በጨዋታው ላይ ድምፅ አለው። ያሰኘው ሰው እጁን ሰድዶ ጠጠሩን ያነሣና የተሻለውን መንገድ ያሳያል። ሶልት በመጨረሻ አንድ ነገር አስተዋለ፤ መኳንንቱ እጅግ በረቀቀ ብልሃት ጨዋታውን ሁሉ ራስ እንዲያሸንፉ ያደርጉ ነበር።

ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ ብሎ ማለፍ ይቻላል። ሶልትም ያለፈው እንደዚያ ነው፤ አንድ ዓረፍተ ነገር ጽፎ ወደ ሌላ ወሬ ሄደ። የጨዋታውን ሕግ ለሚያውቅ ሰው ግን ያ ዓረፍተ ነገር ትልቅ ጥያቄ ነው። በዚህ ሰንጠረዥ ሆን ብሎ መሸነፍ፣ ያውም ሁሉም እያየና እያወራ፣ ከማሸነፍ ይከብዳል።

ሕንጣሎና ጨለቆት ከመቀሌ በስተ ደቡብ ያሉ ቦታዎች ናቸው፤ ጨለቆት እንዲያውም ሃያ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን መቀሌ ገና የመንግሥት ከተማ አልሆነችም። የእንደርታ አውራጃ ልብ የሚመታው በእነዚህ በሁለቱ ነበር። ራስ በጨለቆት የሥላሴን ቤተ ክርስቲያን አሠርተዋል፤ ግቢያቸውንም እዚያ አድርገዋል። የሀብታቸው አንዱ ምንጭ ከአፋር ዝቅተኛ ምድር በግመልና በአህያ ተጭኖ የሚወጣው አሞሌ ጨው ነው። ነጋዴውን የሚጠብቅና ግብሩን የሚሰበስብ ባልገዳ የሚባል ሹም ነበረ። ጨው ወደ ላይ ሲወጣ የዝሆን ጥርስ በትግራይ አልፎ ወደ ምጽዋ ይወርዳል። ሶልት ያያቸው ከባድ ጠጠሮችም ከዚያው ከንግዱ ዕቃ የተቀረጹ ሳይሆኑ አይቀሩም።

ሶልት በ1810 የእንግሊዝ ንጉሥ መልእክተኛ ሆኖ ተመለሰ። ጎንደር ድረስ መሄድ ስላልተቻለው የንጉሥ ጆርጅ ሦስተኛን ደብዳቤና ስጦታ ለራስ ወልደ ሥላሴ ጨለቆት ላይ አስረከበ። በመጀመሪያው ጉዞ ትቶት የሄደውን ናትናኤል ፒርስንም እዚያው አገኘው። ፒርስ ከመርከብ የከዳ እንግሊዛዊ መርከበኛ ነው፤ ራስ በ1816 ከሞቱ በኋላም በአገሩ ኖሯል፣ ቋንቋውን ለምዷል፣ ከራስ ጋር ተጣልቶ ታርቋል። ማስታወሻው ከሞተ በኋላ በ1831 ታተመ። አንዱ እንግዳ፣ አንዱ ቤተኛ፤ የእንደርታን ግቢ የምናየው በእነዚህ በሁለት ዓይኖች ነው።

የጨዋታው ሜዳ እንጨት አይደለም፤ ቀይ ጨርቅ ነው። በላዩ ላይ በጥቁር ወይም በሰማያዊ ክር መሥመር ተሰምሮበት 64 ቤት ይወጣዋል። ነጭና ጥቁር ቤት የሚባል ነገር የለም፤ ሁሉም አንድ ቀለም ነው። በየወገኑ አንድ ንጉሥ፣ አንድ ፈርዝ፣ ሁለት ፊል፣ ሁለት ፈረስ፣ ሁለት ደርና ስምንት መደቅ ይሰለፋሉ። ንጉሡ ከፈርዙ በስተ ቀኝ ይቆማል፤ ስለዚህ የአንዱ ንጉሥ የሚፋጠጠው ከባላንጣው ፈርዝ ጋር ነው። ዛሬ ቼዝ የሚያውቅ ሰው ፈረሱንና ደሩን ወዲያው ይለያቸዋል፤ አካሄዳቸው አልተለወጠም። የሚያደናግሩት ፈርዝና ፊል ናቸው።

ፈርዝ በዛሬው ቼዝ ንግሥቲቱ የምትቆምበትን ቦታ ይዟል፤ ጉልበቷ ግን የለውም። በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ይራመዳል። ንግሥቲቱ ሜዳውን እንዳሻት እንድትመላለስ ያደረጋት ሕግ በ15ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በደቡብ አውሮፓ የወጣ ነው፤ ወደ እንደርታ አልደረሰም። ፊል ደግሞ በሰያፍ ሁለት ቤት ይዘላል፤ መካከል የቆመ ጠጠር ቢኖርም አያግደውም። ሶልት ይህን ሲያይ ጳጳሱ በፈረሶች ራስ ላይ ይዘላል ብሎ ጽፏል፤ በእንግሊዞች ቼዝ በዚያ ቦታ የሚቆመው ጳጳስ ነውና። መደቅም ከተነሣበት ቦታ አንድ እርምጃ ብቻ ነው የሚሄደው።

ከዚህ የሚከተለውን ሒሳብ ማስላት ደስ ይላል። አንድ ፊል ዕድሜ ልኩን ቢዘል ከ64ቱ ቤት የሚረግጠው 8 ብቻ ነው። የሌላው ፊል 8 ቤቶች ፈጽሞ ሌሎች ናቸው። የአንድ ወገን ሁለት ፊሎች አንድ ቤት ላይ አይገናኙም፣ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም፤ ከባላንጣ ፊሎችም ጋር አይበላሉም። ፈርዝም ከሜዳው ግማሹን ብቻ ነው የሚያውቀው። ጨርቁ ደግሞ ቀለም ስለሌለው የትኛው ቤት የማን እንደሆነ ተጫዋቹ በራሱ ጭንቅላት መያዝ አለበት። ሶልት ጠጠሮቹን ሻካራ ያለው ጨዋታ ከባድ የማስታወስ ሥራ ነበረበት።

ጠጠሮቹ እንዲህ ቀርፋፎች ከሆኑ ሁለቱ ጦሮች እስኪገናኙ ብዙ ጊዜ ያልፋል። የሐበሻ ተጫዋቾች ለዚህ ያገኙት መላ ሌላ ቦታ ብዙ አልተለመደም፤ ወረራ ይባላል።

ወረራ ተራ የለውም። ጨርቁ ተዘርግቶ ጠጠሩ እንደተደረደረ ሁለቱም እኩል ይጀምራሉ፤ አንዱ ሌላውን ሳይጠብቅ፣ የፈለገውን ጠጠር የፈለገውን ያህል ጊዜ ያንቀሳቅሳል። አሥርና ከዚያም በላይ እርምጃ በላይ በላዩ ይሄዳል። እጅ ይሠራል፣ ዓይን ግን ባላንጣው ሰልፍ ላይ ነው። ባላንጣው በግራ ሲከማች ያየ የራሱን ጠጠር መልሶ በሌላ መንገድ ያሰልፈዋል፤ ያኛውም ይህን አይቶ ይለውጣል። አንዱ የሌላውን ጠጠር እስኪበላ ድረስ ይህ ይቀጥላል። የመጀመሪያው ጠጠር በተበላ ቅጽበት ወረራው ያበቃል፤ ከዚያ በኋላ ተራ በተራ ነው።

ታዲያ መቼ ይበላ? ፈረስ በሦስተኛ ዝላዩ የባላንጣውን መደቅ መብላት ይችላል። የቸኮለ ሰው ወረራውን ገና ሳይጀመር ሊዘጋው ይችላል ማለት ነው፤ ነገር ግን መደቅ በልቶ ፈረስ ማስበላት ኪሳራ ነው። የታገሠ ደግሞ ሰልፉን ሲያሳምር ባላንጣው በድንገት ደሩን ሰድዶ ይጀምርበታል። ትልቁ ውሳኔ ጠጠሩን የት እንደሚያኖር ሳይሆን መቼ ይብቃ እንደሚል ነው። ተራ በተራ በሚሄድ ጨዋታ ይህን የመሰለ ውሳኔ የለም።

ነገሩ ከየት መጣ ቢባል የቅርብ ዘመዱ ባግዳድ ነው። በ9ኛውና በ10ኛው ክፍለ ዘመን በዐባሲያን ግቢ የነበሩት እንደ አስ-ሱሊ ያሉ ሊቃውንት የሚወዱትን መነሻ ሰልፍ እያስጠኑ፣ ስም እያወጡለት በመጽሐፍ አስፍረዋል። የእነሱም ቼዝ እንደ እንደርታው ቀርፋፋ ስለነበር አጀማመሩን በተጠና ሰልፍ ያሳጥሩት ነበር። በኢትዮጵያ ግን ሰልፉ ከመጽሐፍ አልተጠናም፤ ከባላንጣው ጋር ፊት ለፊት እየተያዩ እዚያው ይሠራል።

የዛሬን ዘመን ምሳሌ የሚፈልግ የስብስብ ካርታ ውድድሮችን ይመልከት። ሪቻርድ ጋርፊልድ የተባለ አሜሪካዊ የሒሳብ ሊቅ በ1993 ያወጣው ማጂክ ዘ ጋዘሪንግ በ1996 ኒው ዮርክ ላይ የመጀመሪያውን የባለሙያዎች ውድድር አካሄደ። እዚያ ተወዳዳሪው ከሺሕ ዓይነት ካርታዎች ቢያንስ 60 መርጦ የራሱን ቁልል ይዞ ይመጣል፤ እንደ ባላንጣው የሚቀያይራቸው 15 ተጨማሪ ካርታዎችም አሉት። ውድድሩን የሚተነትኑ ሰዎች አብዝተው የሚጽፉት ስለ ጨዋታው ራሱ አይደለም፤ ሌሎቹ ምን ይዘው ይመጣሉ፣ እኔስ ያን አስቤ ምን ልያዝ ስለሚለው ግምት ነው። ሰዎቹ ይህን ግምት የሚሠሩት በየቤታቸው ተሸሽገው፣ ከሳምንታት በፊት ነው። የጨለቆት መኳንንት በአንድ ጨርቅ ላይ፣ በደቂቃዎች ውስጥ፣ ሁሉም እያየ ይሠሩት ነበር። የትኛው ይከብዳል የሚለው ያከራክራል፤ የትኛው ለተመልካች እንደሚጥም ግን ግልጽ ነው።

ተመልካቹ ደግሞ ዝም ብሎ የሚያይ አልነበረም።

ሶልት ከመጣበት አገር ቼዝ የጸጥታ ጨዋታ ነበር። ታላቁ የቼዝ ተጫዋች ፊሊዶር በለንደን ቡና ቤቶች ዓይኑን ታስሮ እየተጫወተ ሰውን ሲያስደንቅ ኖሮ በ1795 ሞቷል፤ ሶልት ያን ጊዜ የ15 ዓመት ልጅ ነው። በዚያ ሥርዓት የነካኸውን ጠጠር ማንቀሳቀስ ግዴታ ነው፤ ከዳር ያለ ሰው አፉን ቢከፍት ነውር ነው። በእንደርታ ግን ሁሉም ይነካል፣ ሁሉም ይመክራል። በጌታው ፊት ቀና ብሎ የማይናገር አገልጋይ በሰንጠረዡ ላይ ሲሆን የጌታውን ጠጠር አንሥቶ ስሕተቱን ያሳያል።

ሶልት ይህን ያወራው እንደ ጉድ ነው። ከውድድር አንጻር ሲታይ ግን ሁለት ነገር ያደርጋል። አንደኛ፣ ጨዋታው የሁለት ሰዎች ሳይሆን የሁለት ወገኖች ይሆናል፤ ተቀምጦ የሚጫወተው ሰው ከሚሰማው ምክር የቱን እንደሚወስድ መምረጥ ራሱ ችሎታ ነው። ሁለተኛ፣ በመጻሕፍት ያልተጻፈው የሰንጠረዥ ትምህርት ከአንዱ ወደ ሌላው የሚተላለፈው በዚህ ጫጫታ ነው። ለንደን ክለብና መጽሐፍ ነበራት፤ ጨለቆት የቆሙ ሰዎች ነበሯት።

አሁን ወደዚያች ጥያቄ መመለስ ይቻላል። መኳንንቱ ራስን እንዴት አሸናፊ ያደርጓቸው ነበር?

መልሱ ያለው ሶልት ባልጻፈውና ዋልተር ፕላውደን በጻፈው ውስጥ ነው። ፕላውደን በ1840ዎቹ ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በኋላ የእንግሊዝ ቆንስል ሆነ፤ በ1860 በጎንደር አጠገብ ተገደለ፤ መጽሐፉን ወንድሙ በ1868 አሳተመለት። ሕጉን ከሌሎቹ ይበልጥ በዝርዝር ያቆየልን እሱ ነው። እንደ እሱ አነጋገር በሰንጠረዥ ማሸነፍ ደረጃ ደረጃ አለው። ንጉሡን በደር ወይም በፈረስ መያዝ እንደ ተራ ነገር ይቆጠራል፤ ጉልበተኛ ጠጠር ይዞ ደካማውን መያዝ ምን ይደንቃል? በፈርዝና በፊል ማት ማለት ግን ያስመሰግናል። አንዱ ሌላውን የማያግዙት፣ በየስምንት ቤታቸው ብቻ የሚዘሉት ሁለቱ ፊሎች ተባብረው ንጉሡን መውጫ ሲያሳጡት ለምን እንደሚደነቅ ከላይ ያለውን ሒሳብ ያየ ይገባዋል። መደቆችን አስተባብሮ ንጉሥ መያዝም የጥበበኛ ሥራ ነው።

ሌላም አለ። ብቻውን የቀረ ንጉሥ አይያዝም። ባላንጣህን እስከ መጨረሻው ጠጠሩ ከገፈፍከው አላሸነፍክም፤ ጨዋታው እኩል ነው። ከንጉሡ ሌላ አንድ ታላቅ ጠጠር ብቻ ቀርቶት ከሆነ ደግሞ ያ ጠጠር ሰባት ጊዜ ሳይንቀሳቀስ ንጉሡን መያዝ አለብህ፤ ሰባተኛው ካለፈ አበቃ፣ አቻ ወጣችሁ። ስግብግብ የሚጎዳበት ሕግ ነው። ዛሬ ቼዝ የሚጫወት ሰው ባላንጣውን እየቀነሰ መሄዱን እንደ ትክክለኛ ስልት ነው የሚያየው፤ እዚህ አብዝቶ የበላ ድሉን ያጣል።

እንግዲህ ከራስ ወልደ ሥላሴ ፊት የተቀመጠውን ባላባት እናስበው። ጠጠሩን ዝም ብሎ ቢያስበላ፣ ራስ ሁሉንም ከበሉበት ንጉሡ ብቻውን ይቀርና ድሉ ይጠፋል፤ ጌታውን አቻ አወጣቸው ማለት ነው። ቢቸኩልና በደር ቢያዝ ራስን ተራ ድል ሰጣቸው፤ ይህም ክብር አይደለም። ስለዚህ በቂ ጠጠር ይዞ፣ ሰባቱን እየቆጠረ፣ ንጉሡን ቀስ በቀስ ራስ ፊሎቻቸው ወደሚደርሱበት ጥግ ማምጣት አለበት። ይህን ሁሉ ሲያደርግ በዙሪያው የቆመው ሕዝብ የሚያድነውን መንገድ እየጮኸ ይነግረዋል፤ ጠጠሩንም አንሥቶ ያሳየዋል። ምክሩን አለመስማቱ እንዳይታወቅበት ምክንያት ያስፈልገዋል። ሶልት በጥቂት ቃላት ረቂቅ ያለው ብልሃት ይህ ይመስላል። ከሕጉ ተነሥቶ የተገመተ እንጂ ማንም ቆሞ የመሰከረው አይደለም፤ ነገር ግን ሕጉን ከያዙ ወደ ሌላ መደምደሚያ መድረስ ይከብዳል። በዚያ ግቢ ትልቁ ተጫዋች የሚያሸንፈው ሳይሆን ራስ በሁለት ፊል እንዲያሸንፉ የሚያደርገው ነበር ማለት ድፍረት አይሆንም።

በዚህም ረገድ የካርታው ውድድር ሌላ ዓይነት ሥነ ምግባር አለው። በማጂክ ሕግ ተጫዋቹ በፈቃዱ እጅ መስጠት ይችላል፣ ተስማምቶ አቻ መውጣትም ይችላል፤ ለዚያ ዋጋ ቢቀበል ግን ከውድድሩ ይባረራል። ከዳር ሆኖ የሚመክርም ይቀጣል። በጨለቆት ሁለቱም የጨዋታው አካል ነበሩ። ለጌታው የተሸነፈ ባላባት ዋጋው ምን እንደሆነ መጠየቅ አያስፈልግም፤ ሹመት የሚሰጡትም የሚሽሩትም ከፊቱ የተቀመጡት ናቸው።

ሰንጠረዥ በእንደርታ አልተጀመረም። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ቢቺኒ የተባለ የቬኒስ ሰዓሊ በዐፄ ልብነ ድንግል ግቢ ነበር፤ ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር ሰንጠረዥ ይጫወት እንደነበር በዘመኑ ተጽፏል። ከዚያ እስከ ራስ ወልደ ሥላሴ ሦስት መቶ ዓመት ሊሞላ ጥቂት ነው የቀረው። ጨዋታው ምን ጊዜም የግቢ ጨዋታ ነበር። ጊዜ የሚጠይቅ፣ የዝሆን ጥርስ የሚጠይቅ፣ ዙሪያውን የሚቆም ሰው የሚጠይቅ ጨዋታ ከግቢ ርቆ አይሄድም። ሕዝቡ ገበጣ ነበረው፤ ለገበጣ የተቆፈረ መሬትና ጠጠር ይበቃል።

ግቢው በ19ኛው ክፍለ ዘመን ወደ መቀሌ መጣ። ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በ1880ዎቹ መጀመሪያ ጣሊያናዊውን አናጢ ጃኮሞ ናሬቲን ይዘው ዛሬ ሙዚየም የሆነውን ቤተ መንግሥት አሠሩ፤ ከተማዪቱም በዙሪያው አደገች። በዚያው ሰሞን፣ በ1883፣ በለንደን ውድድር ላይ ለመጀመሪያ ጊዜ ባለ ሁለት ፊት የቼዝ ሰዓት ጠረጴዛ ላይ ወጣ። የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የቼዝ ውድድር ከተካሄደ 32 ዓመቱ ነበር፤ እሱም የሆነው በዚያው በለንደን በ1851 ነው። ሶልት ሕንጣሎን ባየበት ዘመን አውሮፓም ገና ውድድር የሚባል ነገር አልነበራትም። አሁን ግን አንደኛው ቼዝ ሰዓት፣ ዳኛና የነጥብ መዝገብ እያበጀ ሲሄድ ሌላኛው በየግቢው እንደነበረ ቀጠለ።

ከሰንጠረዥ ተጫዋቾች መካከል በመቀሌ ታሪክ ስማቸው የማይቀረው እቴጌ ጣይቱ ናቸው። በገና ይደረድሩ፣ ቅኔ ያውቁ፣ ሰንጠረዥም ይጫወቱ ነበር። በጥር 1896 የጣሊያን ጦር በሻለቃ ጋሊያኖ መሪነት በመቀሌ በእንዳ ኢየሱስ ምሽግ ተዘግቶ ሳለ ውኃውን ይዞ ማስጨነቅ የሚለውን ምክር ያመጡት እሳቸው ናቸው ይባላል፤ ምንጩ ተይዞ ምሽጉ በጥቂት ቀናት ውስጥ ተለቀቀ። ይህን ከሰንጠረዥ ጋር አያይዞ ተረት መሥራት ቀላል ነው፤ አይጠቅምም። የሚጠቅመው የእቴጌይቱ መጫወት ጨዋታው በዚያ ዘመን ሴቶችንም ይጨምር እንደነበር ማስረጃ መሆኑ ነው።

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ፈረንሳዊው የቋንቋ ሊቅ ማርሴል ኮኸን በ1910 እና በ1911 ኢትዮጵያ ቆይቶ ስለ ሐበሻ ጨዋታዎች ጻፈ። እንግሊዛዊው ሃሮልድ መሪ በ1913 ባሳተመው ትልቅ የቼዝ ታሪክ ሶልትንም ፕላውደንንም ሰብስቦ አስገባ፤ የዓለም የቼዝ ሊቃውንት ሰንጠረዥን ያወቁት በዚህ ነው። ሪቻርድ ፓንክረስት በ1971 በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ የኢትዮጵያ ጥናት መጽሔት ላይ ታሪኩንና ሕጉን ሲጽፍ ጨዋታው የሽማግሌ ትዝታ ሆኖ ነበር።

ለምን ጠፋ? የባላባት ግቢ ተዳከመ፤ መኳንንቱ ከቀትር እስከ ማታ የሚሰበሰቡበት እልፍኝ ሲጠፋ ጨዋታውም ቤት አጣ። በፋብሪካ የተሠራው ቼዝ ደግሞ ርካሽ ነው፤ ሕጉም ታትሞ ከሣጥኑ ጋር ይመጣል፣ ከማንኛውም አገር ሰው ጋር ያጫውታል። ትምህርት ቤት የገባ ልጅ ይህን ትቶ አያቱ ብቻ የሚያውቁትን አይማርም። ሰንጠረዥ አልተከለከለም፣ አልተነቀፈም፤ ሜዳው ላይ የሚቆም ሰው አጣ እንጂ።

በዛሬዪቱ መቀሌ ቼዝ የሚጫወተው በሰዓትና በዓለም አቀፍ ሕግ ነው፤ የነኩት ጠጠር ይንቀሳቀሳል፣ ተመልካች ዝም ይላል። ጫጫታው ግን ከከተማዋ አልወጣም፤ ወደ ሌላ ጨዋታ ተዛውሯል። ዳማ በካርቶን ላይ በጠርሙስ ቆርኪ ሲጫወቱ ከተቀመጡት ሁለት ሰዎች ይልቅ የቆሙት ብዙ ናቸው፤ አንዱ ይጠቁማል፣ አንዱ ቆርኪውን ራሱ ያንቀሳቅሰዋል። ኮንከር በካርታ ሲጫወቱም ከኋላ ቆሞ የሰውን እጅ አይቶ የሚያጉረመርም አይጠፋም። ከረምቡላ ቤትም እንደዚያው ነው። ሶልት ቢመለስ ጠጠሮቹን አያውቃቸውም፤ ሰዎቹን ግን ያውቃቸዋል።

ሰንጠረዥን ከመጽሐፍ አንሥቶ እንደገና የሚያጫውት ሰው ቢመጣ፣ በጨለቆት ይሁን በመቀሌ፣ ሥራው ቀላል አይሆንም። የስብስብ ካርታ አዘጋጆች በየዓመቱ የሚያድሱት ወፍራም የውድድር ሕግ አላቸው፤ ለሰንጠረዥ ያለው እንደ ሶልትና እንደ ፕላውደን ያሉ ሰዎች የጻፉት ጥቂት ገጽ ነው። በወረራ ጊዜ ሁለቱም ተጫዋቾች በአንድ ቅጽበት ቢበላሉ ማን ቀደመ? በሁለት ፊል የተገኘ ማት በደር ከተገኘው ስንት ነጥብ ይበልጣል? ሶልት መደቅ ሜዳውን አቋርጦ መጨረሻው ቤት ቢደርስ ሹመት አያገኝም ብሏል፤ በዐረቦቹ ቼዝ ግን ፈርዝ ይሆናል። ዳኛው ከመጀመሪያው ጨዋታ በፊት ከእነዚህ አንዱን መምረጥ አለበት፤ በሁለት ፊል ማት ለማለት የሚታገለው ተጫዋች ወደ ፊት የሚገፋው መደቅ ተስፋ አለው ወይስ የለውም የሚለው ስልቱን ሁሉ ይለውጠዋልና።